ከላቡዋን ባጆ እንዳትመለሱ፦ ስለ ፍሎሬስ ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ስለ ኢንዶኔዥያ ስጽፍ ፍሎሬስ የምትባለውን ደሴት በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሼ አልፌ ነበር። ጥያቄው ግን ጎረፈ። እኔም ደሴቲቱን ከምዕራብ እስከ ምስራቅ በአውቶቡስ አቋርጫት ስለማውቅና ስለምወዳት ዛሬ ዓምዱን በሙሉ ሰጥቻታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው የምሰራው። ሶስት ዓመት አንድ ክፍል የተጋራችኝ ጓደኛዬ የፍሎሬስ ልጅ ናት። በሚቀጥለው ዓመት ለእረፍት ቤተሰቦቿ ጋ ልትወስደኝ ትፈልጋለች። ቤታቸው ሩቴንግ የሚባል ከተማ አጠገብ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ ግን ትልቅ እንሽላሊትና ሰማያዊ ባህር ብቻ ነው። እሷ የምታወራኝ ስለ ብርድ፣ ስለ ሩዝ ማሳና ስለ ቡና ነው። የቱን ልመን?
(ስሜ ይቆይ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም እውነት ነው። የጓደኛሽ ወሬ ግን ሰፊውን የደሴቲቱን ክፍል ነው የሚነግርሽ። ኢንተርኔቱ የሚያሳይሽ ምዕራባዊ ጫፏን ነው፤ ላቡዋን ባጆ የሚባለውን የወደብ ከተማና ከፊቱ የተበተኑትን የኮሞዶ ደሴቶች። ከባሊ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አለፍ ቢል ነው። ቱሪስቱ እዚያ ያርፋል፣ ጀልባ ይከራያል፣ እንሽላሊቱን ያያል፣ ይዋኛል፣ በሶስተኛው ቀን ወደ ባሊ ይመለሳል። ፍሎሬስን አየሁ ብሎም ያወራል። ከጀርባው ያለውን ተራራ ግን ቀና ብሎ እንኳን አላየውም። ይሄ ነገር ሁሌም ይቆጨኛል።

ካርታ ላይ ፈልጊያት። ከባሊ ወደ ምስራቅ ሎምቦክን፣ ሱምባዋን፣ ከዚያ ኮሞዶን አልፈሽ የምታገኛት ረዥምና ቀጭን ደሴት ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ ቢለካ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው የመኪና መንገድ ግን ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እጥፍ ያደረገው ተራራው ነው። መንገዱ ወደ ባህር ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይጠመዘዛል፣ እንደገና ይወርዳል። ከላቡዋን ባጆ ሩቴንግ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ግን አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሆድሽ መንገድ የማይወድ ከሆነ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጪ።

ሕዝቧ ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋል። በስምንት ወረዳ መሰል አስተዳደሮች ተከፍላለች፣ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ግን ኩፓንግ ነው፣ እሱም ቲሞር በምትባለው ሌላ ደሴት ላይ ያለ። በመሃል ያለው ተራራ ሰዉን ለያይቶ ስላኖረው ቋንቋው ብዙ ነው። ከምዕራብ ስትነሺ ማንጋራይ፣ ከዚያ ንጋዳ፣ ሊዮ፣ ሲካ፣ በምስራቅ ጫፍ ላማሆሎት። የአንዱ ሰፈር ሰው ከሌላው ጋር የሚግባባው በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ነው። ጓደኛሽ ከሩቴንግ ከሆነች ማንጋራይ ናት ማለት ነው። በእነሱ ቋንቋ ውሃ "ዋኤ" ይባላል። መጀመሪያ ስሰማ ደነገጥኩ፣ ዝምድና የለንም፣ እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን ቃሏን እስካሁን አልረሳኋትም።

ብርዱን በተመለከተ ጓደኛሽን እመኛት። ሩቴንግ ከባህር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ነው፣ ከጀርባው ደግሞ ከ2,300 ሜትር የሚያልፍ ተራራ አለው። ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርዳል። ማታ ነጠላ አይበቃሽም፣ ጋቢ ያዢ። ዝናቡ በብዛት ከታህሳስ እስከ መጋቢት ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው፣ ለጉዞ የሚመቸውም እሱ ነው። ወደ ምስራቅ በሄድሽ ቁጥር መሬቱ እየደረቀ፣ ሩዙ በበቆሎና በካሳቫ እየተተካ ይሄዳል።

ሩቴንግ ልትደርሺ ስትይ ካንቻር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ከመኪና ውረጂና ኮረብታዋን ውጪ። ከታች የምታዪው የሩዝ ማሳ የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው። ለጌጥ የተሰራ እንዳይመስልሽ። ሊንግኮ ይባላል፣ የመሬት ክፍፍል ነው። መሃል ላይ እንጨት ይተከላል። ቱዓ ቴኖ የሚባለው የመሬት ሽማግሌ ከዚያ እንጨት ተነስቶ ለየቤተሰቡ በጣት ይለካል፣ ይሄ አንድ ጣት፣ ይሄ ሁለት ጣት እያለ። መሃል ላይ የጣት ያህል የነበረችው ስፋት ወደ ውጭ እየሰፋች ትልቅ ማሳ ትሆናለች። ሁሉም ከመሃል ይጀምራል፣ ሁሉም ከዳር ይጨርሳል። እኩል ነው ማለቴ አይደለም። በጎሳው ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ሰፋ ያለ ያገኛል። ግን ማንም ውሃና ለም አፈር ያለበትን ለብቻው ቆርጦ መውሰድ አይችልም። እኔ እዚያ ኮረብታ ላይ ቁጭ ብዬ የአያቶቼን የድንበር ጠብ ነው ያስታወስኩት።

ጊዜ ካለሽ ዋኤ ሬቦ ድረስ ሂዱ። ዴንጌ ከምትባል መንደር ተነስታችሁ በጫካ ውስጥ ከሁለት እስከ ሶስት ሰዓት የሚወስድ የእግር መንገድ ነው። ከላይ ሰባት ቤቶች ብቻ አሉ። ሾጣጣ ናቸው፣ ሳር ክዳናቸው ከጫፍ እስከ መሬት ይወርዳል። ውስጣቸው አምስት ደርብ ነው። ከታች ሰው ይኖራል፣ ከዚያ ላይ እቃና እህል፣ ከዚያ ዘር፣ ከዚያ ለድርቅ ጊዜ የሚቀመጥ ስንቅ፣ ከሁሉም ላይ ለአያቶች የሚቀርብ መባ። ቤትና ጎተራ አንድ ላይ ነው። ቤቶቹ ሊፈርሱ ደርሰው ነበር። የመንደሩ ሰዎች ከኢንዶኔዥያ አርክቴክቶች ጋር ሆነው መልሰው ሰሯቸው፣ በ2012 ደግሞ የዩኔስኮን የእስያና ፓስፊክ የቅርስ ሽልማት አገኙበት።

ስለ ባህር ዳሩም ላውራሽ፣ ምክንያቱም ተራራውና ባህሩ አብረው ነው የሚኖሩት። ላቡዋን ባጆ ማለት የባጆዎች ወደብ ማለት ነው። ባጆዎች ከድሮ ጀምሮ በጀልባ የኖሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከሱላዌሲ ደሴት የመጡ ቡጊሶችም አሉ። በባህር ዳር ያለው ሰው በብዛት ሙስሊም ነው፣ ተራራ ላይ ያለው ካቶሊክ። ዓሣው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሩዙ፣ ሙዙና አትክልቱ ወደ ታች ይወርዳል። ከፍሎሬስ በስተምስራቅ ባለችው በሌምባታ ደሴት ዉላንዶኒ የሚባል ገበያ አለ፣ እዚያ እስካሁን ድረስ ገንዘብ ሳይነካ ይለዋወጣሉ። የባህር ዳር ሴቶች የደረቀ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፣ የተራራዎቹ በቆሎና ሙዝ ይዘው ይወርዳሉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተውሽ። ጓደኛሽ ለምን ዱባይ እንደመጣች አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እነሱ ለሥራ ከቀዬ ወጥቶ መሄድን "መራንታው" ይሉታል። ከምስራቅ ፍሎሬስ ሰዎች ለብዙ ትውልድ ወደ ማሌዥያ፣ ሳባ በምትባለው ግዛቷ ወዳሉት የዘንባባ ዘይት እርሻዎች ሲሄዱ ኖረዋል። አንዳንድ መንደር ስትገቢ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ታገኛለሽ። የተሰራው የብሎኬት ቤት ሁሉ የሆነ ሰው ባህር ማዶ የከፈለበት ነው። በሬሳ ሳጥን የሚመለሱም አሉ። ይሄን ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጥያቄ፦ ጅማ አካባቢ ቡና ነጋዴ ነኝ። የፍሎሬስ ቡና ጥሩ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ከእኛ የሄደ ነው? አሰራራቸውስ እንዴት ነው? ገበሬው ይጠቀማል?
(ወንድማችሁ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ አረቢካው የእኛ ነው፣ ግን በቀጥታ አልሄደም። ከእኛ ጫካ ወደ የመን ተሻገረ። ደቾች በ1690ዎቹ መጨረሻ ወደ ጃቫ ወሰዱት። ከጃቫ ነው ወደ ሌሎቹ ደሴቶች የተሰራጨው። በማንጋራይ ተራሮች ያሉ ሽማግሌዎች የድሮውን ዝርያ "ጁሪያ" ይሉታል። ቲፒካ የሚባለው የአረቢካ ዝርያ ነው። ረዥም ዛፍ ነው፣ ፍሬው ጥቂት ነው፣ ጣዕሙን ግን ይወዱታል። ከእሱ ጋር ሮቡስታም በብዛት አለ፣ በተለይ ዝቅ ባለው ቦታ።

አንተን የሚገርምህ አንድ ነገር አለ። በጎረቤት ቲሞር ደሴት ላይ በ1920ዎቹ አረቢካና ሮቡስታ ራሳቸው ተዳቅለው አንድ ዛፍ ተገኘ። የቅጠል ዝገት በሽታን ይቋቋም ነበር። ካቲሞር የሚባለው ዝርያ የተወለደው ከእሱ ነው፣ ካቲሞርን ደግሞ እኛም አገር ተክለነዋል። ስለዚህ ቡናው ከእኛ ሄዶ፣ እዚያ ባህር ማዶ ሌላ ዘር ይዞ ተመልሷል ማለት ነው።

ስም ያላቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ባጃዋ ነው፣ በንጋዳ፣ ኢኔሪዬ ከሚባለው ባለ 2,245 ሜትር እሳተ ገሞራ አጠገብ። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ጥቁር አፈር ነው። የባጃዋ አረቢካ በኢንዶኔዥያ ሕግ የቦታ ስም ጥበቃ አለው፣ ማለትም ሌላ ቦታ የበቀለ ቡና በዚያ ስም አይሸጥም። እኛ ይርጋጨፌንና ሐረርን በንግድ ምልክት ለማስጠበቅ ስንታገል እንደነበረው ማለት ነው። ሁለተኛው ማንጋራይ ነው፣ በተለይ ኮሎል የሚባለው ሸለቆ።

አሰራራቸው ከእኛ ይለያል። በኢንዶኔዥያ ብዙ ቦታ ቡናው ከታጠበ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና እርጥብ እያለ ገለባው ይፈለፈላል። ዝናብና ጉም ስለሚበዛ እስኪደርቅ መጠበቅ ይከብዳል። እንዲህ የተሰራ ቡና ሲጠጣ ከበድ ያለ፣ ኮምጣጣነቱ የቀነሰ ይሆናል። ባጃዋ ላይ ግን እንደ እኛ የታጠበ ሙሉ አድርቀው የሚሸጡ ማህበራት አሉ፣ እሱን ከቀመስክ ከሲዳማ ቡና ጋር ብታወዳድረው አያፍርም። ቤታቸው የሚጠጡት ሌላ ነው። ዱቄቱን ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው የፈላ ውሃ ያፈሱበታል፣ ስኳር ይበዛበታል፣ አተላው ሲወርድ ይጠጣሉ። ኮፒ ቱብሩክ ይሉታል። እንግዳ ገብቶ ሳይቀርብለት አይቀርም። ጀበና የለም፣ አቦል ቶና የለም፣ ግን ቁጭ ብሎ ማውራቱ አለ።

ገበሬው ይጠቀማል ወይ ላልከው፣ አንዳንዱ አዎ፣ ብዙው አይደለም። የአንድ ቤተሰብ መሬት ትንሽ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚከፈልለት ወይም ሰው የታመመበት ገበሬ ቡናው ሳይለቀም ለነጋዴ በርካሽ ይሸጠዋል። "ኢጆን" ይሉታል። ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ የሌላ ሰው ይሆናል። ይሄንን አንተ ከሌላኛው ወገን ሆነህ ታውቀው ይሆናል፣ ስለዚህ በቀናነት ነው የምነግርህ፣ ገበሬውን ተራራ ላይ ድሃ አድርጎ የሚያስቀረው ዋናው ነገር ይሄ ነው።

አንድ ታሪክ ሳልነግርህ ማለፍ አልችልም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የማንጋራይ አስተዳደር የኮሎል ሰዎች ቡና የተጠበቀ ደን ውስጥ ነው ብሎ ዛፎቹን አስቆረጠ። ገበሬዎቹ የአያቶቻችን መሬት ነው አሉ። አስበው፣ ፍሬ የሚሰጥ ቡና፣ ስንት ዓመት የተለፋበት፣ ባለቤቱ እያየ ሲቆረጥ። ከመካከላቸው ሰዎች ታሰሩ። በ2004 ማርች 10 ቀን፣ ረቡዕ፣ ገበሬዎች ታሳሪዎቹ እንዲፈቱ ለመጠየቅ ሩቴንግ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ፖሊስ ተኮሰ። ስድስት ገበሬዎች ሞቱ። የማንጋራይ ሰው ያንን ቀን "ደም የፈሰሰበት ረቡዕ" ብሎ ነው የሚያስታውሰው። ከዚያ ወዲህ የኮሎል ቡና ሲቀርብልኝ ዝም ብዬ መጠጣት ያቅተኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን የማዘወትር አሮጊት ነኝ። ኢንዶኔዥያ የእስላም አገር ነው ሲባል ነው የማውቀው። እዚያ ደሴት ላይ ስቅለትን በባህር ላይ ያከብራሉ ብሎ የልጅ ልጄ ቪዲዮ አሳየኝ። እውነት ነው?
(ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እማማ፣ እውነት ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ስለጠየቁኝ። ኢንዶኔዥያ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሙስሊም ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ፍሎሬስ ላይ ግን ከአስር ሰው ስምንቱ ያህል ካቶሊክ ነው። ፖርቹጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለሰንደል እንጨት ንግድ መጡ፣ ከእነሱ ጋር መነኮሳት መጡ። ፍሎሬስ የሚለው ስምም ከፖርቹጋል ቋንቋ የመጣ ነው፣ አበቦች ማለት ነው። በኋላ በ1859 ፖርቹጋል ቦታውን ለደቾች ለቀቀች፣ እምነቱ ግን ቀረ።

የልጅ ልጅዎ ያሳየዎት ላራንቱካ ነው፣ የደሴቲቱ ምስራቃዊ ጫፍ። እስካሁን በፖርቹጋልኛ ስሙ "ሴማና ሳንታ" ይሉታል፣ ቅዱስ ሳምንት ማለት ነው። "ቱዋን ማ" የሚሏት የእመቤታችን ምስል አለች። የጸሎት ቤቷ በር በዓመት አንዴ በዚያ ሳምንት ይከፈታል። አርብ ቀን ሌላውን ምስል፣ የሕፃኑን ኢየሱስ፣ በትንሽ ጀልባ ላይ አድርገው በባህሩ ወሽመጥ ያሳልፉታል፣ ሌሎች ጀልባዎች ይከተሉታል። ወሽመጡ ጠባብ ነው፣ ሞገዱ ሃይለኛ ነው። ማታ ደግሞ ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ ሻማ ይዞ ቱዋን ማን ተከትሎ ከተማዋን ይዞራል። መንገዱ ላይ የቀለጠው ሻማ በማግስቱ ያንሸራትታል። ዜማቸው የእኛ አይደለም፣ ሐዘኑ ግን ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም።

የሚያምረኝ ሌላው ነገር አሮጌውን ነገር እንዳልጣሉት ነው። በንጋዳ፣ ቤና የምትባል መንደር ውስጥ፣ ሰዉ ካቶሊክ ነው፣ በመንደሩ መሃል ግን ለአያቶች የተተከሉ ትልልቅ ድንጋዮችና ንጋዱ የሚሏቸው ጃንጥላ የሚመስሉ ምሰሶዎች ቆመዋል። በነገራችን ላይ እዚያ ልጅ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው፣ ወንዱ ነው ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው። ማውሜሬ ከተማ አጠገብ ደግሞ ሌዳሌሮ የሚባል ትልቅ የካህናት ትምህርት ቤት አለ፣ ከዚያ የወጡ ካህናት ዛሬ በብዙ አገር ያገለግላሉ። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛም በ1989 ማውሜሬ ድረስ መጥተው ነበር።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፍሎሬስ ላይ ድንክዬ ሰዎች ይኖሩ ነበር ይባላል። ከሉሲ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ከሩቴንግ ትንሽ ወጣ ብሎ ሊያንግ ቡዋ የሚባል ዋሻ አለ። በ2003 የኢንዶኔዥያና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እዚያ ሲቆፍሩ የአንዲት ሴት አጽም አገኙ። መጀመሪያ ሕፃን መሰለቻቸው። ጥርሷን ሲያዩ አዋቂ ናት። ቁመቷ 106 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፣ አንጎሏ 400 ሲሲ አካባቢ፣ የዛሬ ሰው አንጎል ሲሶ እንኳን አይሞላም። የእኛ ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ ወደ 110 ሴንቲ ሜትር ነው የምትገመተው። ቁመታቸው ተቀራረበ ማለት ነው።

ዕድሜያቸው ግን አይቀራረብም። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። የሊያንግ ቡዋ አጽሞች ከ100 ሺህ እስከ 60 ሺህ ዓመት መካከል ናቸው፣ የድንጋይ መሣሪያዎቻቸው እስከ 50 ሺህ ዓመት ይጠጋሉ። ይህን የዕድሜ ልኬት በ2016 ነው ያስተካከሉት፣ ስለዚህ 18 ሺህ ዓመት የሚል የቆየ ጽሑፍ ካገኘህ ተጠንቀቅ። በምስራቅ በኩል፣ ማታ ሜንጌ በሚባል ቦታ፣ ወደ 700 ሺህ ዓመት የሚሆናቸው ከዚህም ያነሱ ሰዎች ቅሪት ተገኝቷል። ማን ከማን እንደመጣ ሳይንቲስቶች እስካሁን ይከራከራሉ። አንዱ ወገን ትልቅ ቁመት የነበረው ሆሞ ኢሬክተስ የሚባለው የጥንት ሰው ደሴት ላይ ሲቀር አነሰ ይላል። ሌላው ከመጀመሪያውም ከአፍሪካ የወጣ ትንሽ ዘር ነው ይላል። ደሴት ላይ እንስሳ ማነሱ የታወቀ ነገር ነው፣ እዚያው ዋሻ ውስጥ ስቴጎዶን የሚባል የጠፋ፣ ዝሆን መሰል ትንሽ እንስሳ አጥንትም ተገኝቷል። ዛሬ በላራንቱካ በኩል ዝሆን የለም፣ የዝሆን ጥርስ ግን አሁንም ለሙሽራ ጥሎሽ ይሰጣል፣ ድሮ በነጋዴ መርከብ የገባ።

ጥያቄ፦ ኮሞዶ ሰው ይበላል?
(ከአዳማ)

መልስ፦ እንሽላሊቱ ሰው ገድሎ ያውቃል፣ ግን ብርቅ ነው። እስከ ሦስት ሜትር ይረዝማል፣ አፉ ውስጥ መርዝ አለው፣ ይዋኛል። ከጥበቃ ሰራተኛ ጋር ብቻ ሂድ፣ ራቅ ብለህ ቁም። የኮሞዶ ብሔራዊ ፓርክ በ1980 ነው የተከለለው፣ በ1991 የዓለም ቅርስ ሆነ። ኮሞዶ፣ ሪንቻ ወይም ፓዳር ደሴት ብለህ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ ለመሄድ አስበናል፣ እሳተ ገሞራና ሱናሚ ግን ፈራን። ከሄድንስ ምን እንዳያመልጠን?
(ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ፍርሃታችሁ ትክክል ነው። ደሴቲቱን የሰራት እሳተ ገሞራ ነው። በማውሜሬና በላራንቱካ መካከል ሌዎቶቢ የሚባሉ መንታ ተራሮች አሉ፣ አንዱን ወንድ አንዷን ሴት ይሏቸዋል። ወንዱ በኖቬምበር 2024 መጀመሪያ ላይ በሌሊት ፈንድቶ ቢያንስ 9 ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፣ አመዱ የባሊን በረራ ሳይቀር አስቆመ። በ2025ም ደጋግሞ ተነስቷል። ስለዚህ ምስራቁን ከማቀዳችሁ በፊት የዚያን ሰሞን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ተመልከቱ፣ አራት ደረጃ አለው፣ አራተኛው ከፍተኛው ነው። የመንደሩ ሰው አትሂዱ ካላችሁ አትሂዱ።

በዲሴምበር 12 ቀን 1992 ደግሞ 7.8 የሚለካ የመሬት መንቀጥቀጥ በሰሜን ጠረፍ ተነስቶ ሱናሚ አስከተለ። ወደ 2,500 ሰው ሞተ። ማውሜሬ ፊት ለፊት ባቢ የምትባል ክብ ደሴት አለች። ሞገዱ ከሰሜን መጣ፣ ሰዉ የሚኖረው በደቡብ በኩል ነበር፣ ደሴቲቱ ትከልለናለች ብሎ ያሰበ አይጠፋም። ሞገዱ ግን በሁለቱም ጎን ዞሮ ከጀርባ ተገናኘና መንደሩን ጠረገው። ባህር ዳር ስታድሩ መሬት ከተንቀጠቀጠ ሳይረን አትጠብቁ፣ እቃም አትሰብስቡ፣ ወደ ከፍታ ውጡ።

እንዳያመልጣችሁ የምለው ኬሊሙቱ ነው። ሞኒ በምትባል መንደር እደሩ፣ በሌሊት ተነስታችሁ ውጡ፣ ፀሐይ ስትወጣ ሦስት ሐይቆች በአንድ ተራራ አናት ላይ ታያላችሁ፣ ሦስቱም የተለያየ ቀለም። ቀለማቸው በየጊዜው ይቀያየራል፣ ከታች የሚወጣው ጋዝ በውሃው ውስጥ ያለውን ማዕድን ስለሚቀይረው። እኔ የሄድኩ ቀን አንዱ ቱርኩይዝ፣ አንዱ ጥቁር ቡና መሳይ ነበር። የሊዮ ሰዎች ነፍስ ከሞት በኋላ ወደዚያ ትሄዳለች ይላሉ። አንዱ ሐይቅ የሽማግሌዎች፣ አንዱ የወጣቶች፣ አንዱ ክፉ የሠሩ ሰዎች ነው። ጮክ ብሎ የሚያወራ ቱሪስት አለ፣ እባካችሁ እናንተ አትሁኑ። ስትወርዱ ኤንዴ ከተማ ጎራ በሉ፣ ሱካርኖ የኢንዶኔዥያ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት ደቾች ከ1934 እስከ 1938 በግዞት ያኖሩት እዚያ ነው፣ ቤቱ አሁንም አለ።

ጥያቄ፦ እኔው ነኝ፣ ከዱባይ። ልክ ስልክልህ ረሳሁት፣ ለቤተሰቦቿ ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስትገቢ ሲሪ ፒናንግ ሊያቀርቡልሽ ይችላሉ፣ ቅጠልና ፍሬ ከኖራ ጋር የሚታኘክ፣ አፍ ቀይ የሚያደርግ። ባታኝኪውም በሁለት እጅሽ ተቀበዪ፣ እሱ ይበቃቸዋል። ለእናቷ ነጠላ ውሰጂ። ሽመና የሚያውቅ ሕዝብ ነው፣ ጥለቱን በጣታቸው እየነኩ ያዩልሻል፣ እናቷም ምናልባት የራሷን ሶንግኬ፣ የማንጋራይን ሽመና ልብስ፣ አውጥታ ታሳይሻለች። ቡና ውሰጂ ደግሞ፣ ግን የተቆላ። ጥሬ ቡና ቡና ወደሚበቅልበት አገር አይወሰድም፣ በሽታ ሊይዝ ይችላል፣ አየር ማረፊያ ላይም ይወስዱብሻል። የቡናውን ወግ አሳዪያቸው፣ እጣኑንም ያዢ፣ ከሰል እዚያ ታገኛለሽ። ጀበናውን ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው፣ በእጅሽ ያዢው። የእኔ አንገቱ ላይ ነው የተሰበረው፣ ሩቴንግ ልደርስ አንድ ኩርባ ሲቀረኝ።